የመዝገብ አደራ፦ መንግሥት ስለ ዜጋው የሚይዘው መረጃና አጠባበቁ ከላስታ ታሪክ አንጻር

መግቢያ

በትምህርት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ መዝገብን ያውቃል። መምህሩ በየማለዳው የተማሪዎቹን ስም ከመዝገብ ይጠራል፤ ርእሰ መምህሩ የተማሪውን ዕድሜ፣ የወላጁን ስምና ሥራ፣ የመጣበትን ቀበሌ በባሕር መዝገብ ያሰፍራል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ውጤቱ በሮስተር ላይ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ለትምህርት አስተዳደር አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በመዝገቡ ውስጥ የሠፈረው ቃል የማን ነው? ለምን ዓላማ ተሰበሰበ? ማንስ ሊያየው ይገባል? ዓላማው ከተፈጸመ በኋላ ምን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች በመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን ውስጥ እምብዛም ሲነሡ አይሰማም።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ ጥያቄዎቹ የሕግ ጥያቄዎችም ሆነዋል። ይሁን እንጂ ሕግን በቃል ማጥናት ብቻውን አይበቃም። ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከታሪክ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል።

ላስታ ለመነሻ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ላስታ በአገራችን ረጅም የጽሑፍ ልማድ ካላቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የመዝገብን ክብር ከሥሩ ለመረዳት ያስችላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የላስታና የወሎ ሕዝብ ባለፉት ሃምሳና ስድሳ ዓመታት በመዝገብ መግባት የሚያስገኘውን ጥቅምም ሆነ የሚያስከትለውን ጉዳት በራሱ ላይ ያየ ሕዝብ ነው።

1. በወንጌል ቅጠል ላይ የሠፈረው መዝገብ

የላሊበላ ከተማ ቀደም ሲል ሮሐ ትባል እንደነበር፣ የዛሬውንም ስሟን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከንጉሥ ላሊበላ እንዳገኘች የታወቀ ነው። ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው ከአለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ነው። ለያዝነው ጉዳይ ግን ከአለቱ ይልቅ ብራናው ይበልጥ ይናገራል።

በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ንጉሥ ለገዳም ወይም ለደብር መሬት ሲሰጥ፣ ስጦታው የሚጻፈው በአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ነበር። በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ ወርቀ ወንጌል ላይ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን የመጣ የመሬት ስጦታ ጽሑፍ መገኘቱ ልማዱ ምን ያህል የቆየ መሆኑን ያስረዳል። በኋለኛው ዘመን፣ በተለይም በጎንደር መንግሥት ጊዜ፣ የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ ጭምር በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ ይሠፍር እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው አጥንተዋል።

የዚህ አመዘጋገብ ጥበቃ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛው ስፍራው ነው። ወንጌሉ በዕቃ ቤት ተቀምጦ በቄሰ ገበዙ ኃላፊነት የሚጠበቅ፣ ማንም እንዳሻው የማይዳስሰው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ምስክር ነው። በስጦታው ጊዜ የነበሩት ሹማምንት በየማዕረጋቸው ይጠቀሳሉ። ሦስተኛው ግዝት ነው። ቃሉን የሚለውጥ፣ የሚፍቅ ወይም የሚሽር ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይጻፋል። እርግጥ ነው፣ መፋቅና መለወጥ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ግዝቱ መጻፉ ራሱ ሥጋቱ እንደነበረ ያመለክታል። ሆኖም የዛሬ ባለሙያዎች የመዝገብ ታማኝነት ብለው የሚጠሩትን ነገር፣ ማለትም የተጻፈው ያለ ሥልጣን እንዳይለወጥ መጠበቅን፣ አባቶቻችን በጊዜያቸው በነበረው ኃይል ሁሉ ያጥሩት ነበር።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ጥበቃ የሚመለከተው መብት ተቀባዩን ደብርና ባለ ጉልቱን እንጂ በመሬቱ ላይ የሚያርሰውን ገበሬ አለመሆኑ ነው። የገበሬው ጉዳይ በብራና ላይ እምብዛም አይገኝም። የእርሱ ምስጢር የሚጠበቀው በሌላ መንገድ፣ ይኸውም በነፍስ አባቱ ዘንድ ነበር። የነፍስ አባት የሰማውን አያወራም፤ ለሹምም አይናገርም። እንግዲህ በላስታ ገበሬ ኅሊና ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ከጥንት ጀምሮ ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ይቻላል፦ የተጻፈ ነገር አይለወጥም፤ በአደራ የተነገረ ነገርም አይወጣም። የዘመናዊው የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረቶችም ከእነዚህ እጅግ የራቁ አይደሉም።

2. ከጭቃ ሹም እስከ ገበሬ ማኅበር

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ገበሬውን በቅርብ የሚያውቀው ጭቃ ሹሙ ነበር። ማን ስንት ጥማድ እንደሚያርስ፣ ማን ስንት በሬ እንዳለው፣ የማን ልጅ ከቤት እንደወጣ የሚያውቀው በመዝገብ ሳይሆን በዓይኑ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ግን ከዜጋው ጋር በስም አይተዋወቅም ነበር። ይህ አለመተዋወቅ ለገበሬው ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ከጭቃ ሹሙ በደል የሚያስጥለው የተጻፈ ማስረጃ አልነበረውም፤ በሌላ በኩል ግን ያለውን ሀብት ከሩቅ ሆኖ የሚቆጥርበት አልነበረም።

መንግሥት ይህን ክፍተት ለመድፈን ባሰበ ቁጥር ጥርጣሬ ይገጥመው ነበር። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ከፍተኛ ዐመፅ ያስነሣው፣ ገማቾች መጥተው መሬትንና ምርትን ሲመዘግቡ ገበሬው የሚከተለውን ስለፈራ ጭምር ነው። ጥያቄው የግብሩ ልክ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ ለግብር የተመዘገበው መሬት ነገ ለሌላ ነገር አይውልም ብሎ የሚያምን አልነበረም።

በዚያው ዘመን ዘመናዊ የዜጎች መዝገብ ለማቋቋም ታስቦ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ ዝርዝር ድንጋጌዎች ይዟል። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 3361 መዝገቦቹን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አገዳቸው። እገዳው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽታ አሳየ። ሕዝቡ ሲያልቅ የሚያስረዱ ዘገባዎች ለባለሥልጣኖች ደርሰው ሳለ እንዲደበቁ ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥብቅ ሊያዝ ይገባል። የአንድ ገበሬ በሽታ፣ ድኽነት ወይም የቤተሰብ ጉዳይ የግል ምስጢሩ ነው። በአንድ አውራጃ ምን ያህል ሰው እንደተራበ ግን የሕዝብ ጉዳይ ነው። የ1966ቱ መንግሥት መግለጥ የሚገባውን ደበቀ። ቀጥለን እንደምናየው፣ ተከታዩ መንግሥት ደግሞ መጠበቅ የሚገባውን ለሌላ ዓላማ አዋለ።

ከ1967 ዓ.ም. አብዮታዊ ለውጥ በኋላ ሁኔታው በፍጥነት ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት ገበሬዎች በማኅበር ተደራጁ፤ በከተማም የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። መሬት ለማከፋፈል የቤተሰብ ቁጥር መታወቅ ስላለበት የአባላት መዝገብ ተከፈተ። በከተማ የቤት ቁጥርና የቀበሌ መታወቂያ ተሰጠ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎልማሶች በየቀበሌው ተመዘገቡ። ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና የቤት ቆጠራ ተካሄደ፤ በጦርነት ምክንያት ያልተደረሰባቸው ስፍራዎች በግምት ተሞልተው የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 42 ሚሊዮን ገደማ መሆኑ ታወቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የላስታ ገበሬ በስሙ በመንግሥት መዝገብ ገባ ማለት ይቻላል።

ይህ ታላቅ እርምጃ እንደነበር መካድ አይገባም። መዝገብ ባይኖር ኖሮ መሬት ለጢሰኛው ሊደርሰው፣ ፊደል ለጎልማሳው ሊደርሰው ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ስለ አጠባበቁ የታሰበበት አልነበረም። አባላትን ለመርዳት የተቋቋመው የቀበሌ አስተዳደር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞች ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር የሚያመለክት መሣሪያ ሆነ።

3. የ1977 ዓ.ም. ትምህርት

በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ በወሎ እንደገና ሲጠና፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንና የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በኮረምና በሌሎችም ስፍራዎች የምግብ ማደያ ጣቢያዎች ከፈቱ። እህል ለማግኘት መመዝገብ ግድ ነበር። የቤተሰቡ ራስ ስም፣ የልጆቹ ቁጥር፣ የመጣበት ማኅበር ይጻፋል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው፤ ያለ መዝገብ እህል በትክክል ሊታደል አይችልም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መንግሥት ሰፊ የሠፈራ ዘመቻ ጀመረ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ 600 ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛውም ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተጓጓዘ። በፈቃዳቸው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ፤ ተገድደው የሄዱም፣ ከቤተሰባቸው የተለያዩም ብዙዎች ነበሩ። የገበሬ ማኅበራት ኮታ ተጣለባቸው፤ የምግብ ማደያ ጣቢያዎችም ሠፋሪ የሚመለመልባቸው ስፍራዎች ሆኑ። ስለዚህም በርካታ ገበሬዎች ረኃብ እየጠናባቸው ከጣቢያ መራቅን መረጡ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሣይ ቅርንጫፍ ይህን በይፋ በመቃወሙ በ1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል።

የሠፈራውን ጠቅላላ ታሪክ መመዘን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። ሰው ለአንድ ዓላማ የሰጠው ስም፣ ሳይጠየቅ ለሌላ ዓላማ ሲውል የሚጎዳው የሰውዬው መብት ብቻ አይደለም፤ የመዝገቡም ጥቅም ይጠፋል። ለእህል መመዝገብ ለመጓጓዝ መመዝገብ ከሆነ የተራበ ሰው አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ እህል አይደርሰውም። በሌላ አነጋገር፣ ዓላማውን የጠበቀ መዝገብ ሕይወት ያድናል፤ ዓላማውን የለቀቀ መዝገብ ግን ራሱ ለሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ችግሩ ጨርሶ አልተወገደም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተለያዩ ዞኖች የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ፣ በቀደመው ዘመን በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የሠሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለይተው ከሌላው ገበሬ ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደርጓል። በአንድ ወቅት ማኅበርተኞቹ መርጠው የሰጡት ኃላፊነት በሌላ ወቅት መለያ ምልክት ሆነበት። አንድ ሰው ትናንት የነበረበት የሥራ ዝርዝር ነገ በምን ዓይን እንደሚታይ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ ነው የመረጃ ጥበቃ በዛሬው ባለሥልጣን ቅንነት ላይ ብቻ ሊመሠረት የማይችለው።

4. የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር የአገራችን ብቻ አይደለም። ኔዘርላንድስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአውሮፓ ከታወቁት የተሟላ የነዋሪዎች መዝገብ ነበራት። የእያንዳንዱ ሰው ሃይማኖት ጭምር ተመዝግቦ ነበር፤ የተመዘገበውም በክፋት ሳይሆን ለአስተዳደር ምቾት ነው። ጀርመኖች አገሪቱን ሲይዙ ይኸው መዝገብ አይሁድን ለይቶ ለመልቀም አገለገላቸው፤ ከአገሪቱ አይሁድ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆኑት ተገደሉ። በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. አርበኞች የአምስተርዳምን የነዋሪዎች መዝገብ ቤት ያቃጠሉት ስለዚህ ነበር።

በሩዋንዳ የቤልጅግ ቅኝ አስተዳደር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በመታወቂያ ወረቀት ላይ ያስገባው የጎሣ መግለጫ ከነፃነት በኋላም ሳይሠረዝ ቆይቶ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በየኬላው የሞት ፍርድ ሆነ። በአሜሪካም በ1940 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ጊዜ ለሕዝቡ የተሰጠው የምስጢር ዋስትና በ1942 በወጣ የጦርነት ጊዜ ሕግ ተነሥቶ፣ የቆጠራው መረጃ የጃፓን ተወላጆችን ከመኖሪያቸው ለማፈናቀል ረድቷል።

ከእነዚህ ሁሉ የተገኘው ትምህርት ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆነ። የጀርመን ክፍለ ግዛት ሔሰን በ1970፣ ስዊድን በ1973 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን የመረጃ ጥበቃ ሕጎች አወጡ። በታኅሣሥ 1983 ደግሞ የምዕራብ ጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በቆጠራ ሕግ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ሰው ስለ ራሱ የተሰበሰበው መረጃ የት እንደሚውል የመወሰን መብት እንዳለው አረጋገጠ። አፍሪካም በ2014 እ.ኤ.አ. በማላቦ ስምምነት የራሷን የጋራ ድንጋጌ አጽድቃለች።

5. የአገራችን ሕግ አካሄድ

በአገራችን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ደንግጓል። የፍትሐ ብሔሩ የክብር መዝገብ እገዳም በመጨረሻ የተነሣው በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በተግባር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። አዋጁ መረጃውን በምስጢር መያዝ እንደሚገባ ቢደነግግም፣ ለደኅንነት፣ ለወንጀል መከላከልና ምርመራ፣ ለግብር አሰባሰብና ለሌሎችም አገልግሎቶች እንዲውል በር ከፍቶ ነበር። የተፈቀደው አጠቃቀም ሲበዛ የዓላማው ወሰን እንደሚላላ ከላይ ያየነው ታሪክ ያስጠነቅቃል።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ የተባለውን መታወቂያ አስከትሏል። ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይመዘግባል። በአንጻሩ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ለብዙ ዓመታት ይጻፍ የነበረውን ብሔር አይጠይቅም። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ የማያስፈልገውን ከመጀመሪያው አለመጠየቅ ነው። ነገር ግን ወረቀት ከጠፋ ሌላ ወረቀት ይተካል፤ የጣት አሻራ ከሾለከ ሌላ ጣት አይተካም። ስለዚህ የኃላፊነቱ ክብደት ከቀድሞው ይበልጣል።

አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በመጨረሻ አጠቃላይ መሠረቶቹን አስቀመጠ። መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው እንዳይበልጥ፣ ትክክለኛ እንዲሆን፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ፣ ባለቤቱም አይቶ እንዲያርም መብት ሰጠ። ስለ ጤና፣ ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ አመለካከት የሚገልጽ መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ይደረግለታል። የአፈጻጸሙ ተቆጣጣሪም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ተቆጣጣሪው ግን በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ሊቆም አይችልም። በዚያ የሚቆመው መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

6. የጠፋ መዝገብም የጥበቃ ጉድለት ነው

ስለ መረጃ ጥበቃ ሲነገር የሚታሰበው መሹለክ ብቻ ነው። የላስታ የቅርብ ታሪክ ግን መጥፋትም ተመጣጣኝ በደል መሆኑን ያስተምራል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የላሊበላ ከተማ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ከዚያም በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። በሰሜን ወሎ በርካታ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ተቋማትና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘረፉ፤ ሠነዶችም ወደሙ። የመሸጋገሪያ ማስረጃው የጠፋበት ተማሪ መማሩን በምን ያስረዳል? የአገልግሎት ዘመኑ የተጻፈበት ማኅደር የተቃጠለበት ሠራተኛስ ጡረታውን በምን ይጠይቃል?

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና ሚስት ፎቶግራፍ ተለጥፎበት ለገበሬው ይሰጣል፤ ዝርዝሩም በጽሕፈት ቤት መዝገብ ይያዛል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል። ይህ ቀላል ሐሳብ፣ ማለትም ባለመብቱ ራሱ ስለ ራሱ የተጻፈውን በእጁ መያዙ፣ ከመጥፋትም ከመለወጥም የሚጠብቅ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ምሳሌ እዚህ ላይ አንድ ማሟያ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ስፍራ ብቻ የተጻፈ ነገር ስፍራው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

7. በትምህርት ቤት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በላስታ ገጠር በአንድ ትምህርት ቤት ወጣት መምህር ነበር። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ በመስጠቱ፣ ችግረኞቹን እንዲመርጥ ከታዘዙት መምህራን አንዱ ነበር። ዝርዝሩን በጥንቃቄ አዘጋጅቶ፣ ከፍ ባለ ጽሑፍ «እጅግ ችግረኛ የሆኑ ተማሪዎች» የሚል ርእስ ሰጥቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ሐሳቡ አድልዎ እንዳይኖር በግልጽ መሥራት ነበር። በማግሥቱ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቀረች። በሦስተኛው ቀን እናቷ መጡና «መምህር፣ ድኽነታችንንማ እኛም እናውቀዋለን፤ ለአገር ያነበባችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። ልጅቱ የተመለሰችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር፤ ደብተሩንም አልወሰደችም።

ስሕተቱ የአቅራቢው ነበር። መምህሩ ያሰበው ስለ አድልዎ እንጂ ስለ ልጅቱ አልነበረም። በእርግጥ ግልጽነትና ምስጢር የሚጋጩበት ጊዜ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ እጥረት በሚጠቁ ወረዳዎች በሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ስብሰባ ፊት ይነበባል፤ ምክንያቱም ዝርዝሩን በሥውር ማዘጋጀት ለዘመድ አዝማድ በር ይከፍታል። በዚያ ስብሰባ ግን የተዘለለውም የተካተተውም ጎልማሳ ተነሥቶ ሊናገር ይችላል። በሰሌዳ ላይ የተለጠፈች ልጅ መናገሪያ የላትም። ለተቆጣጣሪ የሚቀርብ ዝርዝርና ለመንገደኛ የሚነበብ ዝርዝር አንድ አይደሉም።

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ቤቶችና ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚከተሉት ይጠቁማሉ።

ሀ. በማንኛውም ቅጽ ላይ ጥያቄ ከመጨመሩ በፊት መልሱ ለየትኛው ውሳኔ እንደሚያገለግል ይጻፍ። አገልግሎቱ ካልታወቀ ጥያቄው ይሠረዝ።

ለ. ለዕቅድ ሥራ የሚያስፈልገው ድምር ነው። ወረዳው በአንድ ትምህርት ቤት ስንት ወላጅ አልባ ተማሪ እንዳለ ማወቅ ይገባዋል፤ ስማቸውን ማወቅ ግን የሚያስፈልገው እርዳታውን በቀጥታ የሚሰጠው ብቻ ነው።

ሐ. ውጤት፣ የእርዳታ ዝርዝርና የቅጣት ውሳኔ በሰሌዳ ላይ በስም አይለጠፉ። ለተማሪው ወይም ለወላጁ በግል ይነገሩ፤ ግድ ከሆነም በመለያ ቁጥር ይገለጹ።

መ. ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ ማንኛውም አካል የተማሪዎች ዝርዝር ሲጠይቅ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ለምን እንደሆነ ይገለጽ፤ ማን እንደፈቀደና ምን እንደተሰጠ ይመዝገብ።

ሠ. ወላጅ ስለ ልጁ የተጻፈውን የማየትና ስሕተት ካለ የማሳረም ዕድል ይሰጠው። የመሸጋገሪያና የውጤት ማስረጃም ቅጂ በእጁ ይኑር።

ረ. ባሕር መዝገቡ በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ ቅጂውም በሌላ ስፍራ ይኑር። ኮምፒዩተር ባለበትም የይለፍ ቃል ለሁሉም አይነገር።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ልማድን መለወጥ ነው፤ ልማድ ደግሞ የሚለወጠው በማሠልጠኛ ነው። ስለዚህ በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በትምህርት አስተዳደር ኮርስ ውስጥ ስለ ተማሪ መዝገብ አያያዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ እንዲገባ፣ በዜግነት ትምህርትም ተማሪዎች አንድን የመንግሥት ቅጽ ይዘው እያንዳንዱ ጥያቄ ለምን እንደተጠየቀ የሚወያዩበት መልመጃ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ይቀርባል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው፣ በላስታ ታሪክ ውስጥ መዝገብ ብዙ መልክ ነበረው። በወንጌል ቅጠል ላይ በግዝት ታጥሮ ባለጉልቱን ጠበቀ፤ ገበሬውን ግን ዘለለው። በአብዮቱ ዘመን ገበሬውን በስሙ ጠራው፤ የጠራበትን ዓላማ ግን አልጠበቀም። በቅርቡም በጦርነት ወድሞ ባለመብቱን ያለ ማስረጃ አስቀረው። ዛሬ የተሟላ ሕግ አለ፤ ሕጉም ዓላማን መጠበቅን፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለመሰብሰብንና ለባለቤቱ መግለጽን ያዝዛል።

ሕዝብ ለመንግሥት እውነቱን የሚናገረው ቃሉ በአደራ እንደሚያዝ ሲያምን ነው። የበሬውን ቁጥር የሚያሳንስ ገበሬ፣ የልጁን ዕድሜ የሚያዛባ ወላጅ፣ ቆጣሪ ሲመጣ በሩን የሚዘጋ ቤተሰብ ሁሉም አንድ ነገር ያስታውሳሉ። በዚህ ሁኔታ የተሰበሰበ አኃዝ ይዞ የሚያቅድ ባለሙያ በአሸዋ ላይ ይሠራል። እምነቱን መልሶ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራውም የሚጀመረው ከዋና ከተማ ሳይሆን ስም ከሚጠራበት ክፍል ነው።